ማንበብ የማይችል ሰው የፈለጉ ሴቶች

የቀጠሩኝ ማንበብ ስለማልችል ነው። ቀልድ አይደለም።

በደርግ ጊዜ ነው። ከባቡር ጥገና ጡረታ ወጥቼ፣ ሚስቴም ሞታ፣ ብቻዬን እኖራለሁ። ከዚራ ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ቪላ ውስጥ ሁለት ሴቶች የሴቶችን የሕይወት ታሪክ እየጻፉ በማባዣ መኪና ትንንሽ መጻሕፍት ያወጡ ነበር። አንደኛዋ አስተማሪ ናት፣ ሌላዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራች። ክፍሉን የሰጣቸው የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ነው። መኪናው ተበላሽቶ ጠሩኝ፤ ጠገንኩት። አስተማሪዋ «ማንበብ ይችላሉ?» አለችኝ። «አልችልም፣ አፍሬበትም አላውቅ» አልኳት። ተያዩና «እንግዲያው እጀታውን እርስዎ ያዙሩልን» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታሪኳን ለምትነግራቸው ሴት ሁሉ ቃል ይገባሉ፤ መጽሐፉ ሳይወጣ ወንድ አያነበውም። ባለታሪኮቹ በጓሮ በኩል ይገባሉ፣ የውስጠኛው ክፍል ይዘጋል፣ እኔ ከውጭ ሳቃቸውን፣ አንዳንዴም ልቅሷቸውን እሰማለሁ። የሚሉትን አልሰማም። በየመጽሐፉ ጀርባ «በቅርቡ የሚወጡ» የሚል ዝርዝር ነበረበት፤ የሽንኩርት ሻጯ፣ የአዋላጇ፣ የጫት ነጋዴዋ እያሉ ያነቡልኛል። ምሳ አብረን እንበላለን። የፋብሪካዋ አባኮ ነው የምትለኝ፣ አባቴ ማለቷ ነው። «ብላ እንጂ አባኮ፣ በባዶ ሆድህ ልታዞረው ነው?» ትለኛለች። ቤቴ ስገባ ግን የሚያናግረኝ የለም። ሬዲዮውም የሚያወራው መግለጫ ነው።

በኋላ መሠረተ ትምህርት መጣ። ቀበሌው ያልተማረ ስኳር አያገኝም አለ። ሻዬን ያለ ስኳር እጠጣለሁ አልኩ፣ ጠጣሁም። በመጨረሻ የሄድኩት እዚያ ሰው ስላለ ነው። አግዳሚ ላይ ከሰው ጋር ተጠጋግቶ መቀመጥ ናፍቆኝ ነበር። ፊደሉ ሳላስበው ያዘኝ።

አንድ ጠዋት የሽንኩርት ሻጯን መጽሐፍ ሳዞር፣ ከመኪናው የወጣው ወረቀት ላይ ዓይኔ አረፈ። «ባሌ ሲሞት አላለቀስኩም» ይላል። እጀታውን ለቀቅኩት።

«ምነው፣ ቀለም አለቀ?» አለች አስተማሪዋ።

«ማንበብ ችያለሁ።»

የፋብሪካዋ ሳቀች። «ወይ አባኮ! ሰው ሲማር ደስ ይለዋል፣ አንተ መርዶ ነጋሪ መሰልክ!»

አስተማሪዋ አልሳቀችም። «ዝም ቢሉን ምን ነበረበት?»

«ቃል የገባችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ላዙር?»

ሽንኩርት ሻጯን ከቀፊራ ገበያ አስጠሯት። ሻሿን እያጠበቀች መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«የቱ ድረስ አነበብክ?»

«ባሌ ሲሞት አላለቀስኩም እስከሚለው።»

«ቀጥሎስ?»

«ተውኩት።»

«ዋላሂ አምኜሃለሁ። ግን እኔ ያወራሁት ወንድ አያነበውም ተብዬ ነው። ሲወጣ እንደ ሰው ገዝተህ አንብብ። እስከዚያ ውጣልኝ አቦ።»

አስተማሪዋ ልትለምንልኝ አፏን ስትከፍት «ተይ፣ ልክ ናት» አልኳት። እጀታው እንዴት እንደሚያዝ ለፋብሪካዋ አሳየኋትና ኮፍያዬን አነሳሁ። አስተማሪዋ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «የሚቀጥለውን መጽሐፍ ስንጀምር ባለታሪኳን እንጠይቃታለን። ማንበብ እንደሚችሉ እንነግራታለን። ከፈቀደች ይመለሳሉ» አለችኝ።

መጽሐፉ እስኪያልቅ ጠብቄ ወደ ቪላው ሄድኩ። የፋብሪካዋ እጇ ቀለም በቀለም ሆኖ ወጣች።

«አዋላጇ እምቢ አለች፣ አባኮ።»

«ደግ አደረገች።»

እውነቴን ነው። የራሷ ጉዳይ ነው፣ ለማን እንደምታወራ እሷ ታውቃለች።

«ግባና ምሳ ብላ።»

«ሥራ ሳልሠራ አልበላም» አልኳት። ርቦኝ ነበር።

የጫት ነጋዴዋም እምቢ አለች። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ለራሴ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፣ ጋዜጣም ቢሆን፣ የመድኃኒት ወረቀትም ቢሆን፣ የሰው ድምፅ እንዲኖር። አዲስ ሴት መጣች ሲሉኝ ግን ከዚራ እወርዳለሁ። አስተማሪዋ «ዛሬ እንጠይቃታለን፣ ይግቡና ይጠብቁ» ትለኛለች። እሷ ሳትፈቅድ አልገባም። አጥሩን ተደግፌ እቆማለሁ፤ ውስጥ መኪናው ይዞራል።