የማያልቀው ሦስተኛ ቅጽ

ዛሬም ኮረሪማ ሲሸተኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። አባታችን ኮልፌ ገበያ ቅመም ይነግድ ስለነበር ቤታችን ከጓዳ እስከ መኝታ ኮረሪማ ይሸት ነበር፤ እኔና ታላቅ እህቴ ሰሚራ ክረምቱን እሱን ስንፈለፍል እንውል ነበር። እሷ እንግሊዝኛ ስለምታውቅ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብልኝ ነበር፣ እኔም በምትኩ የእሷን ድርሻ ጨምሬ እፈለፍል ነበር።

ታሪኩ ስለ ዘንዶዎች፣ ስለ ጠንቋዮችና ስለ ተሰደዱ ነገሥታት የሚተርክ፣ ቅጹ ብዙ የሆነ ነበር። ሁለተኛው ቅጽ ያለቀው የንጉሡ ልጅ ገደል አፋፍ ላይ በአንድ እጇ እንደተንጠለጠለች ነው። ሦስተኛውን ከጎረቤት ለምነን እስክናገኝ እንቅልፍ አልነበረኝም። ተገኘ፣ ተከፈተ፣ ልጅቷ የለችም። ደራሲው እሷን እዚያው ትቶ፣ ስማቸውን እንኳ የማልይዛቸው ሰዎች ጫካ ለጫካ ሲጓዙ፣ ሲሰፍሩ፣ ሾርባ ሲያፈሉ፣ ደግሞ ሲጓዙ ይተርክልናል። ሐምሌ በዚህ አለቀ።

የሰሚራ ሠርግ ለጥቅምት ተቆርጦ ነበር፤ ከዚያ በፊት ካልጨረስን ማን ሊያነብልኝ ነው? እኔን ያስጨነቀኝ ይኸው ብቻ ነበር። እሷ ግን አንድ ገጽ አትዘልም፤ ጭራሽ ነሐሴ ላይ የትናንቱን በደንብ አልተረጎምኩልሽም እያለች ወደ ኋላ መመለስ ጀመረች። ስነዘንዛት ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትለኝ ነበር።

«እንቁላሉማ እስካሁን ዓለም ባንክ ሰፈር ደርሶ ነበር» አልኳት አንድ ቀን፣ ሰፌዱን ገፍቼ። አልሳቀችም፤ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቀጠለች።

መስከረም ላይ ቤቱ በፍራሽና በብርድ ልብስ ተሞላ። እናታችን ቀሚስ ልትለካት ስትጠራት፣ ይህችን ምዕራፍ ልጨርስላት እያለች ትቆይ ነበር። ሁለት ምዕራፍ ሲቀረን ጥቅምት ደረሰ፣ ሙሽራውና ሚዜዎቹ መጡና ወሰዷት፤ መጽሐፉን ለእኔ ትታው ሄደች። ኅዳር እስኪያልቅ ከመዝገበ ቃላት ጋር ስታገል ከርሜ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ፣ እነዚያ ሾርባ አፍዪዎች አንድ ወንዝ ተሻግረው ቁጭ ብለዋል፤ ልጅቷ አሁንም ገደሉ ላይ ናት። መጽሐፉን ከግድግዳው ጋር አላተምኩት።

በቅርቡ ቤቴል፣ ሰሚራ ቤት ምሳ በልተን፣ ያ ደራሲ አንድ ክረምቴን በላው ብዬ ሳማርር፣ የልጇን ሳህን እያነሳች ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

«እኔ እኮ ባያልቅ ነበር የምፈልገው። ካለቀ ጥቅምት ሊመጣ ነው። አባባ አንዴ ለሽማግሌዎቹ ቃል ሰጥቷል፣ ለማን እናገራለሁ?»

ዛሬ ቅጾቹ በሙሉ ስልኬ ውስጥ አሉ፣ ልጅቷ ከገደሉ እንዴት እንደወጣችም አውቃለሁ፣ ማንም ሳይተረጉምልኝ ብቻዬን አንብቤ ጨርሻቸዋለሁ። ያኔ የምናደደው በደራሲው ነበር፤ አሁን የምናደደው በሰሚራ ነው። ክረምቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር እኮ፤ አንድ ቀን ብትነግረኝ ኖሮ፣ ቢያንስ አላጣድፋትም ነበር።