ጋሻና ዋሻ

አባቴ ሲሞት አዳማ፣ ሰፈራችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ። አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፤ “ለሚስቱ ጋሻ፣ ለልጆቹ ዋሻ!” ለቀስተኛው ደረቱን ይደቃል። እኔ ግን ተንገበገብኩ። እኛን ጥሎ ላንጋኖ ሌላ ትዳር የመሠረተ ሰው እኮ ነው! “ሻ” በ“ሻ” ላይ ሲደራረብ ግን ውሸቱ ጣፈጠ፤ የሆቴል አንሶላ እያጠበች ብቻዋን ያሳደገችን እናቴ እንኳ ሙሾውን አምና አነባች።

ዘንድሮ እናቴም ሞተች። ያችው አልቃሽ መጥታ፣ “እናትሽ ምን ይሠሩ ነበር?” አለችኝ።

“የሆቴል አንሶላ ታጥብ ነበር።”

ጥቂት አሰበችና፣ “እሱ ለግጥም አይመችም፣ የኔ ልጅ። በባላቸው ብጀምርስ?” አለች።

መልሴን ሳትጠብቅ ጀመረች። ያው ጋሻ፣ ያው ዋሻ። ለቀስተኛው ደረቱን ደቃ። እናቴ በአባቴ ሙሾ ተሸኘች።