በሙያው የሠራ አንድ ሰልጣኝ

ገንዳ ውሃ ከተማ የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የሰሊጥ መጋዘን ነበር። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ስለሆነ ከረፋዱ ጀምሮ በእጅ አይነካም። በሲሚንቶው ስንጥቅ የቀሩ የሰሊጥ ፍሬዎች እግሬ ሥር ይንኮሻኮሻሉ። የያዙኝ ከስብሰባ አውጥተው ነው፤ ትንሿ ልጄ በወባ ተኝታ ነበር።

ጥፋቴ ንግግር ነው። የወረዳው የሙያ ስልጠና ባለሙያ ነበርኩ። ቧንቧ በሌለበት ቀበሌ ቧንቧ ሥራ እናሰለጥናለን፤ የሰሊጥ እርሻ ባለሀብቶቹ ደግሞ ትራክተር ሲሰበርባቸው መካኒክ ከሱዳን ያስመጣሉ። ይባስ ብለን ስልጠናውን በአጨዳ ወር እንጀምራለን። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ይረግፋል፣ ማንንም አይጠብቅም። ሰልጣኙ ማጭዱን ይዞ ይሄዳል፤ እኛ ባዶ ክፍል ውስጥ ስም እንጠራለን። «እባካችሁ ስልጠናውና እርሻው ይነጋገሩ» አልኩ። ንግግርህ ወጣቱን ያነሳሳል ተባልኩ።

ክፍሉ ውስጥ ሲያስገቡኝ ከጥጉ አንድ ጎልማሳ ተነስቶ ቦታ ለቀቀልኝ።

«አንቱ ጋሼ፣ አላወቁኝም? ቧንቧ ያሰለጠኑኝ እኮ ነኝ።»

ከጎጃም ለአጨዳ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። የሚጠጣ ውሃ ካልመጣልን አናጭድም ካሉት ሠራተኞች ጋር ተይዞ ነው የታሰረው።

«ሥራ አገኘህ?» አልኩት፤ ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ።

«ምን ሥራ ጋሼ! ሰርተፍኬቱ ላም አለኝ በሰማይ ነው የሆነብኝ። ምስጥ በላው።»

ከዓመት በፊት «በሰለጠኑበት ሙያ ሥራ የያዙ» በሚል ዝርዝር ውስጥ ስሙ ነበረ። አለቃዬ ሲያቀርብልኝ፣ ለምን ነገር አመጣለሁ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

በሩ አጠገብ የውሃ በርሜል ነበረን። የበርሜሉ ቧንቧ ስለሚያፈስ ጠዋት የተሞላው እኩለ ቀን ላይ ያልቃል፤ ከዚያ እስከ ማግስቱ ጥም ነው። ሰውዬው በርሜሉ ባዶ ሲሆን ጠብቆ ቧንቧውን ፈታ፣ ከከረጢት ክር መዘዘ፣ የቧንቧውን ጥርስ በክር እየጠመጠመ መልሶ አጠበቀው። በማግስቱ ውሃው እስከ ማታ አደረሰን።

«እንዴት ነው ጋሼ?» አለኝ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ።

«ልክ ነው። አጠማጠሙን አልረሳኸውም።»

ፊቱ በራ።

በነጋታው ከሰዓት መርማሪው አስጠራኝ። ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። የተናገርኩት ሐሰት እንደሆነ፣ ሰልጣኞቹ ሁሉ በሙያቸው እየሠሩ እንደሆነ ይላል።

«ፈርምና ወደ ልጆችህ ሂድ።»

እስክሪብቶውን አነሳሁ። ልጄን አሰብኩ። ከዚያ ከጽሑፉ ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በሙያው ሲሠራ ያየሁት አንድ ሰልጣኝ ብቻ ነው፤ የሠራውም እዚሁ እስር ቤት ነው።» ፈረምኩበትና መለስኩለት።

«ትቀልዳለህ?»

«አልቀለድኩም። በርሜሉን ሄደው ይዩት።»

ልጄን ያየኋት ከወራት በኋላ ነው። ድናለች፣ ቁመት ጨምራለች፤ መጀመሪያ ሸሸችኝ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለዚያ ወረቀት የሰሙ ሰዎች ጀግና ሲሉኝ ይደክመኛል። የቀደመው ዝርዝር እኮ መዝገብ ቤት እንዳለ ነው። እዚያ ላይ ሰውዬው ዛሬም ሥራ ይዟል፤ ፊርማውም የኔ ነው።