በረንዳዬን ያስከበርኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት ልጄ የቤት ኪራይ ውል ይዛ መጥታ፣ «እማዬ፣ እስኪ አንብቢልኝ፤ የጎደለ ነገር እንዳይኖር» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ ስጀምረው ሳቄ መጣ። የኔ የድሮው ውል ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም ነበር።

ያኔ ደባርቅ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ከጋሽ ምናለ የተከራየሁት፣ ወረቀቱ እንደሚለው፣ «አንድ ክፍል ቤት» ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ ከገባሁ ጀምሮ የስፌት መኪናዬን በረንዳው ላይ አውጥቼ ነበር የምሠራው። ከተራራው የሚወርደው ብርድ ጣቴን ያደነዝዘዋል። ቢሆንም ገበያተኛው ሁሉ የሚያየኝ እዚያ ነው፤ ሱሪው የተቀደደበት ሁሉ ከያዘው የባቄላ ቆሎ እየዘገነልኝ፣ እግረ መንገዱን ያሰፋ ነበር።

ዓመታት እንዲህ ኖርን። ሞባይል ደባርቅ የገባ ሰሞን ግን ጋሽ ምናለ በረንዳውን ለካርድ ሻጭ ሊያከራዩት አሰቡ።

«ያከራየሁሽ ክፍሉን ነው። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩሽ አዝኜልሽ ነው፤ መኪናሽን ወደ ውስጥ አስገቢ» አሉኝ።

ጨለማ ውስጥ ምን ልሰፋ? እንጀራዬ አለቀለት ማለት ነው። እምቢ ስል ከሰሱኝ።

ችሎት ፊት ቆምኩ። ዳኛው ውሉን አነበቡና፣ «ስለ በረንዳ የሚል የለም። ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ ባለፈው ጥር ጋሽ ምናለ ልጃቸውን ሲድሩ በረንዳው ላይ እንግዳ ሊያስቀምጡ ፈልገው ነበር። ምን ብለውኝ እንደመጡ ይጠየቁልኝ።»

ጋሽ ምናለ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። መዋሸት አይሆንላቸውም።

«‹ልጄ፣ በረንዳሽን ለሁለት ቀን አውሺኝ› ብያታለሁ።»

«የራስዎን በረንዳ ተዋሱ?» አሉ ዳኛው።

ችሎቱ በሳቅ አውካካ። ዳኛውም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «የውሉ ቃል ግልጽ ካልሆነ፣ ተዋዋዮቹ ምን ማለታቸው እንደነበር አኗኗራቸው ይናገራል። እናንተ ‹አንድ ክፍል› ስትሉ ከነበረንዳው ነበር» ብለው ፈረዱልኝ።

ዝናብ እየመታኝ፣ ጭቃው ጫማዬን እየዋጠው፣ ብቻዬን እየሳቅኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም። በማግስቱ ጋሽ ምናለ እንዳሳጥርላቸው ሱሪ ይዘው መጡና ደረጃው ሥር ቆሙ።

«ልውጣ?» አሉኝ።

«ይውጡ እንጂ፣ ጋሼ!»

ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም። ለሠርጉ በረንዳውን ሲዋሱኝ ከሁለታችን በቀር የሰማ ሰው አልነበረም፤ «አላልኩም» ቢሉ ኖሮ በምን አስረዳ ነበር? ስለዚህ የድሉን ግማሽ ለጋሽ ምናለ እሰጣለሁ። ግማሹን ግን ለማንም አልሰጥም።