ፀሐይ ሳትወጣ ኑልኝ

ከመንደራችን ከሮብ ገበያ ልወጣ ዋዜማው ላይ አባባ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው እየተነሱ የበቅሏቸውን ገመድ ሲያዩ አመሹ። አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ እማ ጅቡቲ ሆቴል ውስጥ ልታበስል ስትሄድ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በማግስቱ በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውሮፕላን እማ ዘንድ ልሄድ ነው። እማ ያን የሚባል ፈረንጅ አግብታለች፤ የሚኖሩትም በሸራ በሚሄድ ጀልባ ላይ ነው። ይኼን ለአባባ ማስረዳት ነበር ከባዱ።

"ቤታቸው ጀልባው ነው?"

"አዎ አባባ።"

"ማታ ማታስ የት ይታሰራል?"

"መልሕቅ ይጣልለታል። በብረት ሰንሰለት።"

"ሰንሰለትም ይበጠሳል። እየወጣሽ እዪው እንግዲህ።"

ከዚያ ወዲህ በደወልን ቁጥር፣ ደኅና ናችሁ ከማለታቸው በፊት "ታስሯል?" ይሉኝ ነበር። "ታስሯል አባባ" እላለሁ። ከዚያ ነው ሰላምታው የሚጀመረው።

ድሮ ሁለት መስመር መጻፍ ያስጨንቀኝ ነበር፤ አሁን ግን እስክሪብቶ ስይዝ ደስ ይለኛልና ቻሉኝ። እናንተ የሮብ ገበያ ልጆች፣ በጀልባ መኖር ቁጭ ብሎ ባሕር ማየት እንዳይመስላችሁ። ጀልባ እንደ ላም ነው፣ ጠዋት ማታ ሥራ አለው። ከሆዱ ሥር ዛጎል ይበቅልበታል፤ ጠልቀን በመቧጠጫ ካልፋቅነው መሄድ ያቅተዋል። ሸራውን ፀሐይ ይበላዋል፣ ቀዳዳውን እንጥፋለን። ብረቱን ጨው ይበላዋል፣ እንወለውላለን። ከወለሉ ሥር ውሃ ይጠራቀማል፣ በፓምፕ እናወጣለን። ይኼ ሁሉ ውሃ እያለ የምንጠጣው በኩባያ ተለክቶ ነው። ሙቀቱን ተዉት፤ ያ ጠዋት ጠዋት እጃችንን ብብታችን ውስጥ የሚያስከትተን የጮቄ ብርድ እዚህ ቢላክልኝ በጆንያ እቀበል ነበር። አንዳንዴ ክንፍ ያለው ዓሣ ራሱ ዘሎ ጀልባችን ውስጥ ይወድቃል። በሁዳዴ አንዱ ቢገባ እማ "ፈተና ነው" ብላ በጅራቱ ይዛ ወደ ባሕሩ መለሰችው። ባሏ ያን እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

አንድ ወደብ ላይ ሹሙ ፓስፖርቴን አገላብጦ፣

"ኢትዮጵያ? ባሕር አላችሁ እንዴ?" አለኝ።

"የለንም።"

"ታዲያ ጀልባ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ዛጎል እፍቃለሁ።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም። መርከበኛ ነሽ ወይስ መንገደኛ?"

ያን "ልጃችን ነች" አለው። ሹሙ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየና "መንገደኛ" ብሎ ጻፈኝ።

እማ ለአባባ ቢጫ የመርከበኛ የዝናብ ልብስ ገዝታላቸው ነበር፣ ከጉልበት በታች የሚደርስ፣ ቆብ ያለው። "የጮቄን ዝናብ የሚመክተው ይኼ ነው" ትላለች። ለመጪው ጥምቀት ይዘንላቸው ልንሄድ ነበር። እስከዚያው ከአልጋዋ በላይ ሰቅላው፣ በዚህ ወበቅ ሻጋታ እንዳይዘው በየጊዜው በጨርቅ ትጠርገዋለች።

ዛንዚባር ቆመን በማግስቱ ልንነሳ ስንል፣ ከጀልባው ሥር ስፍቅ ቆይቼ ላርፍ ብወጣ ስልኬ ይጮኻል። የእማ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ሙሉ ናቸው።

"ትርንጎ፣ እናትሽ አጠገብሽ ነች?"

"ገበያ ወጥታለች ጋሼ።"

ከኋላቸው የሰው ድምፅ ይሰማኛል፣ የብዙ ሰው።

"አባባ አረፉ ልጄ። ቀበርናቸው። አንቺ ጎበዝ ነሽ። ለእናትሽ ግን ሰው ሳይሰበሰብ እንዳትነግሪያት። ደንግጣ ባሕር ውስጥ ብትገባስ? እዚያ አበሻ አለ?"

"የለም።"

"ሰውስ?"

"ሰው... አለ።"

ስልኩን ዘግቼ መቧጠጫዬን ይዤ ወደ ውሃው ተመለስኩ። ውሃ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው አይታወቅም።

ለያን ነገርኩት። "አሁኑኑ ትስማ፣ አባቷ ናቸው፣ መብቷ ነው" አለኝ።

"እዚህ የሚያውቀን ሰው የለም፣ ሦስት ሆነን? መርዶ እንደዚያ አይነገርም። ስትወድቅ ማን ይይዛታል?"

"እኔ።"

"አንተማ ነገ መሪውን ትይዛለህ።"

አሰበበት። ባሕር መሐል መሪ ተለቆ እንደማይለቀስ እሱም ያውቃል። እንደኛ ያሉ ጀልባዎች የሚያርፉባት ቀጣይዋ ደሴት እስክንደርስ ዝም ለማለት ተስማማን።

የዚያ መንገድ ነገር ባይነሳ ይሻለኛል። ያን፣ ፊቴን እንዳያይ፣ ያልተበላሸውን ሁሉ ይፈታል፣ ይገጥማል። እማ ታየናለች።

"ምን ሆናችሁ ነው ሁለታችሁ? ተጣልታችሁ ነው?"

"ባሕሩ አዙሮኝ ነው እማ።"

"ይኼን ያህል ጊዜ ኖረሽበት ዛሬ ነው የሚያዞርሽ?"

ከዚያ ጨርቋን አንስታ የዝናብ ልብሱን ትጠርግ ጀመር። "እጅጌው አይረዝምባቸውም ትያለሽ?" አለችኝ።

"አይረዝምም" አልኩ።

የደረስንባት ደሴት ትንሽ ናት፤ እንደኛው በሸራ የሚዞሩ ጀልባዎች መልሕቅ ጥለውባት ነበር። ለእማ "የሸራ መስፊያ ክር ልዋስ" ብያት በትንሿ የጎማ ጀልባችን እየቀዘፍኩ ሰው ልጠራ ሄድኩ። አንዲት ማርታ የሚሏት፣ ከባሏ ጋር የምትዞር አሮጊት ፈረንጅ ሻይ አቀረበችልኝ።

"ነገ ፀሐይ ሳትወጣ ኑልኝ። አያቴ ሞተው እናቴ አልሰማችም" አልኳት።

"ምን ይዘን እንምጣ?"

"ምንም። መጥታችሁ መቀመጥ ነው።"

"ምን እንበላት ታዲያ? ሰውየውን አናውቃቸውም እኮ።"

"እኛም አገር የሚመጣው ሁሉ አያውቃቸውም። ግን ይመጣል።"

ባሏ "ስለ ሐዘን ሰውን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ግን..." ብሎ ሲጀምር ማርታ በክርኗ ጎሰመችው።

ስንደርስ ዓሣ የሸጠልን የደሴቷ ሰው ጋ ስደርስ ግን፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛና በእጄ ገና ማስረዳት ከመጀመሬ ገባው። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሴቶች አሉ?"

"አንዲት አሮጊት ብቻ።"

"ሚስቴና እህቶቼ ይመጣሉ" አለ።

ጎህ ሲቀድ እማ ሻይ ጥዳ ነበር። ቀና ስትል ከየአቅጣጫው ጀልባ ወደ እኛ ይመጣል፣ ድምፅ የለ፣ ሞተር የለ፣ መቅዘፊያ ብቻ። የዓሣ ሻጩ ሴቶች ራሳቸውን ተከናንበዋል። እማ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ማንም አፉን ሳይከፍት፣

"ነጠላዬን አምጪልኝ" አለችኝ።

አመጣሁላት።

"አባዬ ነው?"

ሴቶቹ ዘለው ወጥተው በግራና በቀኝ ክንዷን ያዙ፣ በቋንቋቸው አብረዋት አለቀሱ። አገር ቤት ቢሆን ለቀስተኞቹ የአባባን ጋቢና በትር ይዘው ባለቀሱላቸው ነበር። እኛ ዘንድ የነበረው የአባባ ልብስ ገና ያልለበሱት ብቻ ነው። እማ ቢጫውን የዝናብ ልብስ አውርዳ ታቀፈችውና "አባዬ፣ አባዬ፣ ሳትለብሰው" እያለች ስትወዛወዝ ማርታም አብራት አለቀሰች። ባሏም ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል እማ ድምፅዋ አልቆ ወደ እኔ ዞረች።

"መቼ ነው የሰማሽው?"

"ዛንዚባር።"

"ብቻሽን?"

"በስልክ።"

"ለአንቺስ ማን መጣልሽ ልጄ?" አለችና እንደገና ማልቀስ ጀመረች፤ ያኔ ነው እኔም ከውሃ ውጭ ያለቀስኩት። ከሴቶቹ አንዷ እማን ለእህቷ ትታ መጥታ እኔን ያዘችኝ።

ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥተን ደወልን። ጋሼ ሙሉ መጀመሪያ ያሉት "ሰው ነበረ?" ነው።

"ነበረ ጋሼ። ብዙ ሰው።"

"እሰይ። ተመስገን።"

እማ አለቀሰች፣ እነሱም አለቀሱ። ስልኩ ከእጅ እጅ እየዞረ አክስቴም፣ ጎረቤቱም፣ እናንተ አብሮ አደጎቼም "በርቺ" አላችሁኝ። እኔ ግን አንድ ነገር እጠብቅ ነበር። የሚጠይቀኝ ሳይኖር ተቋረጠ።

አመሻሹ ላይ ወደ ጀልባው ፊት ሄጄ ሰንሰለቱን በእጄ ነካሁት። ውጥር ብሏል። ታስሯል። የምነግረው ሰው ግን አጣሁ።