አንዱ ኩሽኔታ ይጩህ

ግራሶ ያልነካው ኩሽኔታ አስፋልት ላይ ሲንከባለል የሚያወጣውን ድምፅ ታውቃለህ? ጥርስ ያንቀጫቅጫል። በእኛ ሰፈር ይህ ድምፅ የሚመጣው ጠዋት፣ ፀሐይ የቆርቆሮ አጥሬን አልፋ ደጄ ላይ ስትወድቅ ነው። ጎረቤቶቼ ጆሯቸውን ይይዛሉ። «አባባ፣ ያንን የሚገፋ ወንበር የሠሩት እርስዎ አይደሉ እንዴ? ምናለ ትንሽ ግራሶ ቢቀቡት?» ይሉኛል። ግራሶስ ቤቴ ሙሉ ነው። አልቀባም። እኔ ያን ድምፅ ስሰማ ሻይዬ ይጣፍጠኛል።

ምክንያቱን ልንገርህ።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ የኮልፌ ጎረምሳ ነበርኩ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ብየዳ የተማርኩት ደግሞ በጋራዥ አጥር ቀዳዳ አጮልቄ፣ ዓይኔ በብልጭታው እስኪያብጥ ድረስ እያየሁ ነው። ማንም አላስተማረኝም። በዚህ አካባቢ ካሉት የብረት በሮች ግማሹ የእኔ እጅ ሥራ ነው፤ ካላመንክ ሄደህ አንኳኳ፣ ድምፁ ይነግርሃል።

ያሳደጉኝ አጎቴ ጣሪያ መቺ ነበሩ። ከኮልፌ ገበያ ጀምሮ እስከ አስኮ መንገድ ድረስ ያለው ቆርቆሮ አብዛኛው የእሳቸውን መዶሻ ያውቃል። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ከአንድ ነጋዴ ቤት ጣሪያ ወደቁና ከወገባቸው በታች አልታዘዝ አላቸው። ከፍታ ላይ የኖረ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያየው የሰው ጉልበት ብቻ ሆነ። እኔም ከተጣለ መኪና ኩሽኔታ ፈትቼ፣ ከአሮጌ የቢሮ ወንበር እግር ጋር በይጄ፣ የሚገፋ ወንበር ሠራሁላቸው። እንዲህ ያለ ወንበር በሰፈሩ ከዚያ በፊት አልታየም ነበር። ሐኪም ቤት ያለው የፈረንጅ ወንበር እንኳ እንደ እኔው አይታጠፍም ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ግሪክ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ሜዳ አጥሮ መጫወቻ ቦታ ከፈተ። የሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች ነበሩት። ከሁሉ በላይ ግን ወንበሮች የተንጠለጠሉበት፣ ከባሕር ዛፉ አናት በላይ የሚወጣ ትልቅ መንኮራኩር ነበረው። ሲመሽ አምፖሎቹ ከግቢያችን ይታዩ ነበር። አጎቴ ሲያዩት ሰንብተው አንድ ቀን፣ «ከዚያ ላይ ሆኜ ጣሪያዎቼን አንድ ጊዜ ባያቸው» አሉኝ። ለራሳቸው ምንም ለምነውኝ የማያውቁ ሰው ናቸው።

እሑድ ዕለት የሠርግ ኮታቸውን ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ እኔም ገፋኋቸው። በሩ ላይ የቦንቦሊኖ ዘይትና የሞተር ጭስ ይሸት ነበር። በረኛው ከእኔ ትንሽ የሚበልጥ፣ ካኪ ለብሶ የደረቱን የናስ ቁልፎች ያብለጨለጨ ወጣት ነበር። አጎቴ የድሮ ሰው ስለሆኑ በር የሚጠብቅን ሰው ሰላም ሳይሉ አያልፉም። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱት። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ ባርኔጣው በእጁ። አንዲት የደላት ሴት ስታልፍ ፊታቸውን እንኳ ሳታይ ባርኔጣው ውስጥ ሳንቲም ጣለችበት።

በረኛው ይህን አይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄን ሰውዬ ከዚህ አንሳልኝ» አለ። «ልመና ክልክል ነው። በእግሩ ያልቆመ ደግሞ በዚህ በር አይገባም።»

እጄን ሰነዘርኩ፤ አጎቴ የሸሚዜን ጫፍ ያዙኝ። ሳንቲሟን በሩ ሥር መሬት ላይ አስቀመጡና «እንሂድ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባርኔጣቸውን ለማንም አላወለቁም፤ ዕድሩ ሲሰበሰብ እንኳ ደፍተው ይቀመጡ ነበር። እኔም ያንን በረኛ ሳላዋርደው እንዳልሞት ማልኩ።

በቀል ትዕግሥት ላለው ሰው ራሱ በር አንኳኩቶ ይመጣል። ወራት አልፈው ሽማግሎች ቤታችን መጡ፤ የአጎቴን አንድያ ሴት ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቁ። እንደ ልማዱ፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አጎቴ ልጁ ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። በመጫወቻው ሜዳ በር ላይ ነው አሏቸው። እኔና አጎቴ ተያየን።

ልጅቷን ከመጋረጃው ጀርባ ጠሯት። ሁለቱ ስፌት ከምትማርበት ቤት ደጃፍ ላይ ተዋውቀው ኖሯል። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ያን ቀን ማን እንደሆኑ አላወቀም እኮ አባዬ» አለች።

«ሰው መሆኔንስ?» አሏት።

ሽማግሎቹ እግራቸው እስኪዝል ቆሙ። አጎቴ አንዱንም ተቀመጥ አላሉም። በመጨረሻ፣ «ልጁ ይምጣ፣ እኔን አዝሎ በዚያ በር ያስገባኝ፤ መልሱን ከዚያ እሰጣለሁ» አሉ።

ሽማግሎቹ እንደ ሄዱ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ካዘለዎት በኋላ እምቢ ይበሉታ ጋሼ» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ልለው ኖሯል?» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እንዲህ ዓይነት ሳቅ ከወደቁ ወዲህ አልሳቁም ነበር።

በቀጠሮው እሑድ በረኛው የናስ ቁልፉን ወልውሎ መጣ። አጎቴን ጀርባው ላይ አወጣሁለት፤ ባርኔጣቸው እንደ ተደፋ ነው። እኔ ባዶውን ወንበር እየገፋሁ ከኋላ ተከተልኩ። ኩሽኔታዎቹን በዋዜማው በላምባ አጥቤ ግራሷቸውን አውጥቼ ስለነበር ጩኸታቸው ሰፈሩን ሁሉ ከቤት አስወጣው። ይህን ብልሃት ያሰብኩት እኔ ብቻዬን ነኝ። ገበያው ጋ ስንደርስ ሽንኩርት ሻጮቹ ተነሡ። «ኧረ ሙሽራው፣ ሙሽሪትህ ጢም አወጣችሳ!» አለች አንዷ። ሌላዋ እልል አለች። ላብ በአንገቱ ሲወርድ፣ ጉልበቱ ዳገቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጥሩ ቀን አይቻለሁ፤ እንደዚያ የሚጣፍጥ ግን አላየሁም።

የራሱ በር ላይ ሲደርስ አጎቴ ትከሻውን መታ አድርገው አስቆሙት።

«ያን ቀን ያልከኝን አሁን በለኝ።»

ግሪኩ ያያል፣ ሰልፈኛው ያያል። በረኛው ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ይግቡ ጋሼ» አለ። «ያን ቀን ባለጌ ነበርኩ። ይግቡ።»

መንኮራኩሩ ላይ ያለው ወንበር የሁለት ሰው ነው። አጎቴን ደግፎ የሚይዝ ያስፈልግ ስለነበር እሱ አብሯቸው ወጣ፤ እኔ ከወንበሬ ጋር ታች ቀረሁ። አናቱ ላይ ሲደርሱ መንኮራኩሩ ሰው ለመጫን ቆመ። ከታች ሆኜ አየሁ። አጎቴ በአንድ እጃቸው ወዲያ ወዲህ ያመለክታሉ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ እሱ በሁለት እጁ ወገባቸውን አቅፎ ይዟል። የሚያየው ግን ጣሪያውን አልነበረም፣ የእሳቸውን ፊት ነበር። ከዚያ አጎቴ ባርኔጣቸውን አወለቁና ወደ ከተማው እያውለበለቡ እጅ ነሱ።

ሲወርዱ ዓይናቸው ረጥቧል። «ንፋሱ ነው» አሉ።

ጠጋ ብዬ «አሁን ይበሉት» አልኳቸው።

«ልጄን ሰጥቼዋለሁ» አሉ።

«እንዲህ ነበር እንዴ የተባባልነው?»

«የእኛ ቤት ጣሪያ ከላይ ሲታይ ቀዳዳ አለው» አሉኝ። «እኔ ከእንግዲህ አልወጣም። እሱ ይወጣልኛል።»

እውነትም በሳምንቱ ወጥቶ ደፈነው፤ አጎቴ ከታች ሆነው ሚስማሩ የት እንደሚገባ እየነገሩት። ይቅር ያሉት እሳቸው ናቸው፣ እኔ አላልኩም። ሠርጉ ላይ በላሁ፣ አልጨፈርኩም። አጎቴ አርፈው፣ መንግሥት ተለውጦ፣ ግሪኩ ሄዶ፣ የመንኮራኩሩ ብረት በቁራጭ ተሸጦ፣ ሜዳው ቤት ሲሠራበትም የእኔ ሂሳብ አልተዘጋም ነበር።

አምና በረኛውን ግማሽ ጎኑ ከዳው። የአጎቴ ልጅ፣ አሁን የልጅ ልጆች ያሏት፣ ያንን ወንበር ከዕቃ ቤት አስወጥታ አመጣችልኝ። በዚህ ዕድሜዬም እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ብረቱን አደስኩት፣ መቀመጫውን ለወጥኩት። ሦስቱን ኩሽኔታ ግራሶ አጠጣሁ፣ አንዱን ተውኩ።

«አንዱ ይጮሃል እኮ ወንድሜ» አለችኝ።

«ይጩህ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሊሞቅ በደጄ ሲገፉት ወንበሩ እየጮኸ ያልፋል። ለምን እንደሚጮህ እሱ ያውቃል። በደህናው እጁ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ይነሣኛል። እኔ የእኔን አላወልቅም። ዞር እስኪል ግን አየዋለሁ።

ትናንት ድምፁ አልመጣም። ዛሬም ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። አንዲት ጎረቤቴ «ተመስገን፣ ቀቡት መሰለኝ» ብላኝ አለፈች። ወደ ጓዳ ገብቼ የግራሶውን ጣሳ አወጣሁ። ይኸው ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ፣ ጣሳውን እግሬ ሥር አስቀምጬ፣ ደጃፌ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ።