የእታለም ዓይን

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ድር የማታደራ ሸረሪት ነበረች። አዳማ፣ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ቀኑን ሙሉ በሚሰማበት አቧራማ ሰፈር፣ አክስቴ እታለም በረንዳ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ጠዋት ጠዋት እኔንም ዞር ዞር አስብላ የልብሴን ስፌት ሳታይ ትምህርት ቤት አትሰደኝም። ሸረሪቷ ከስፌት መኪናው በላይ፣ ፀሐይ በሚመታው የኖራ ግድግዳ ላይ ትውላለች። ግራጫ ናት፤ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ዝንብ ስታይ አድብታ፣ ዘላ ትይዛለች። ሰው ሲጠጋት እንደ ሌሎቹ አትሸሽም፤ ዞራ ፊት ለፊት ታያለች። እታለም "ዘበኛዬን እንዳትነኩብኝ" ትለን ነበር። የማሽን ዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ያ አተያይ ዛሬም ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ እታለምን ግንባሯን አቃጠላት። ውሎ ሳያድር ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወደ ቀኝ ዓይኗ ወረደ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ገና ከበር እንዳየቻት፣ "አልማዝ ባለጭራ ነው! ይቺው ዘበኛሽ ሸንታብሽ ነው!" አለች። መጥረጊያ አንስታ ልትገድላት ስትል ሸረሪቷ ቆርቆሮው ሥር ገብታ አመለጠች። እናቴ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት ብትልም፣ "ይሄ በሽታ መርፌ አይወድም፤ ልትገድያት ነው?" ብላ እትዬ አስካለ አስቆመቻት። በሰፈራችን ይህን የማያምን አልነበረም። ቅጠል ጨምቀው ቀቧት። ሽፍታው ደረቀ፤ ዓይኗን ግን ደመና የመሰለ ነገር ሸፈነውና ብርሃኑ ቀስ በቀስ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ መርፌዋ ላይ ክር የማስገባላት እኔ ሆንኩ።

ማንም ያልነገረኝን ነገር ያመንኩት ያኔ ነው። ወደ ግድግዳዋ የተመለሰችው ሸረሪት ብዙ ዓይን አላት፤ ከእነዚያ አንዱ የእታለም ነው ብዬ አሰብኩ። ሰርቃት ይሁን በአደራ ይዛላት አላውቅም። እታለም ገበያ ሄዳ እንኳ በረንዳው ላይ የምታየኝ ይመስለኝ ነበር። ሸረሪቷን ፈራኋት። እንዳትሞት ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ፈራሁ፤ እሷ ከሞተች ዓይኑ አይመለስማ።

ከዚያ የወባ መድኃኒት ረጪዎች መጡ። እንደተለመደው ዕቃው ሁሉ ግቢ ወጣ፤ አልጋው፣ ድስቱ፣ የስፌት መኪናው። እኔ ግን የበረንዳውን ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ።

"ነይ ውጪ እንጂ ሚጡ፤ ሽቶ መሰለሽ እንዴ?" አለኝ ረጪው።

ሰው ፊት መናገር ስለሚያቅተኝ ግድግዳው ላይ ይበልጥ ተለጠፍኩ። እታለም መጥታ ጎንበስ ስትልልኝ፣ ጆሮዋ ሥር "ዓይንሽ እሷ ጋ ነው" አልኳት።

በደህናው ዓይኗ ግድግዳውን ብዙ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ይቺን ግድግዳ ተዋት" አለችው።

"አዴ፣ ቢምቢ እኮ ግድግዳ አይመርጥም!"

"የቀረኝንም አንተ ልታጠፋው ነው? ተዋት አልኩህ!"

ሰውየው ምንም ሳይገባው ራሱን እየነቀነቀ ወደ ጓዳ አለፈ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ስማር የሸረሪቷን ወገን አገኘሁት። ዘላይ ሸረሪቶች ናቸው። የእሷ ዓይነቶቹ በአፍሪካም በእስያም ፀሐያማ ግድግዳ ይወዳሉ፤ በመርከብ ተጭነው አሜሪካ ድረስ የተሻገሩም አሉ። በሰው ላይ ሸንተው አያቆስሉም። የእታለምን ዓይን ያጠፋው ከኩፍኝ መሰሉ የልጅነት ጉድፍ የሚተርፍ፣ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ ነው። ቶሎ ብትታከም ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር።

ለእረፍት ስመጣ ይህን ሁሉ አስረዳኋትና፣ "ያን ቀን አምነሽኝ ነው?" አልኳት።

"እኔ እንጃ ልጄ" አለች። "አንዳንዴ ስሰፋ፣ ከላይ ሆኜ የራሴን አናት የማይ ይመስለኝ ነበር።"

እታለም አምና አረፈች። አሁን የሰፈራችን ሰው ትንሽ ሽፍታ ሲያይ ክሊኒክ ይሮጣል፤ ደግ ነው። እኔም አዳማ አጠገብ፣ መልካሳ ተከራይቼ እኖራለሁ፤ የክፍሌ ግድግዳ ላይ አንዲት ግራጫ ሸረሪት አለች። የሳይንስ ስሟን አውቃለሁ። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ዞር ዞር ብዬ ቀሚሴን አሳያታለሁ።